አሮጊቷ ቀጭ ብላ ዝም አለች

መጋቢት 6

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ ደህና አይደለም።

በአጎቴ በኩል የጠየቅከኝን ልመልስ። አይ፣ መኪናህ ሁልጊዜ አይደለም እምቢ የምትለው። አሮጊቷን ታውቃታለህ፤ ሲሻት እንደ ልጃገረድ ትነሳለች፣ ሲሻት ታኮርፋለች። ባለፈው እህቴን ለምርመራ ወስጄ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አቆምኳት። ስንመለስ ቁልፉን ባዞር አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ደግሜ ባዞር ቀጭ፣ ዝም። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር መጥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነሳች። እህቴ ከጎኔ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቁልፉን ታይ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደምቁነጠነጥ ልንገርህ፤ ላንተ እንዳልናገር ከልክላኝ ነበር። ማርገዟን ሰምተሃል። ያልሰማኸው የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የሕፃኑን መውጫ እንደዘጋው ነው። ሐኪሟ ወሯ ሲገባ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን፣ እስከዚያ ትተኛ፣ ግን አንዲት ጠብታ ደም ካያችሁ ልብስ እንኳ ሳትቀይሩ አምጧት ብላናለች። ከቤታችን እስከዚያ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ነው። አምቡላንሱ ለስንት መንደር አንድ ነው፤ ታክሲ እኛ ዳገት ላይ አይወጣም። ያለችን አሮጊቷ ብቻ ናት፤ እሷም ማርሿ አውቶማቲክ ነውና ተገፍታ አትነሳም። ከዚህ በፊት ሁለቱ ሳይጸኑላት እንደቀሩ ታስታውሳለህ። ይኼኛው ከቀረ እህቴም የምትተርፍ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጋረጃ እየሰፋሁ በመሃል እነሳና ወጥቼ ቁልፉን አዞራለሁ። ገብቼ አንድ ክንድ ሰፍቼ ደግሞ እወጣለሁ። አማችህማ ከእኔ ይብሳል። እስካሁን አላየኸውም እንጂ ብታየው ትስቅ ነበር። ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል፤ እሱ ይቀባል። ሰፈሩ ብሩሼ የሚለው ወዶ አይደለም። የሕፃኑን ክፍል ለስላሳ አረንጓዴ ቀብቶ ሲጨርስ ቀለም ተረፈው፤ የግቢውን በር ቀባ፣ አግዳሚውን ቀባ፣ የውሃ በርሜሉን ቀባ። ቁጭ ካልኩ እኔንም ይቀባኛል ብዬ ነው ቆሜ የምውለው።

ስልክ ለምን አታነሳም? አጎቴ ባነሳ ቁጥር «አባትሽ ወጣ ብሏል» ይለኛል። ሰው ሁልጊዜ ወጣ ይላል እንዴ? ቶሎ መልስልኝ።

ልጅህ

መጋቢት 9

ችኩሌ፣ እንደምን አለሽልኝ? መጀመሪያ ለእህትሽ ሰላም በያት። አልቀበልም ካለች አስቀምጪላት፤ ሰላምታ አይበላሽም።

ስልኩን ተይው። በስልክ ሰው ይጯጯሃል እንጂ አይደማመጥም። የጽሑፍ መልእክትም አትላኪ፤ የዚች ስልክ ፊደል የጉንዳን ዓይን ያክላል። የአውቶቡሱ ሹፌር የታመነ ሰው ነው፣ በእሱ እጅ ላኪ፣ በእሱ እጅ እመልሳለሁ።

ስለ እህትሽ ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ በአጎትሽ የመለዋወጫ ሱቅ ለፍሬን ሸራ የመጣን ደንበኛ የዘይት ማጣሪያ አስታቅፌ ሰድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራችን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ድምፅዋን ጻፊልኝ። «አልነሳ አለች» አይበቃኝም፤ ልክ እንደምትሰሚው በፊደል አስቀምጪው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለች እንደ ስፌት መኪናሽ ከሮጠች ባትሪው ደክሟል። ዝዝዝ ብላ ዞራ ሞተሩ ካልተነቃነቀ የሞተሪኖው ጥርስ አልያዘም። ሞተሪኖ ያልኩሽ ከሥር በኩል ተለጥፎ ትልቁን ሞተር የሚቀሰቅሰው ትንሹ ነው፤ ልጅ ሳለሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጬልሽ ከብዶሽ አልቅሰሻል። ጭራሽ ትንፍሽ ካላለች ከቁልፉ ነው። አንዴ ቀጭ ብላ ዝም ካለች ግን ወይ በሞተሪኖው ውስጥ ኃይል የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል፣ ወይ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የቱ እንደሆነ ለመለየት የፊት መብራቱን አብሪና ቁልፉን አዙሪ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ባትሪውን እንጠርጥር። ካልደበዘዘ ጻፊልኝ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ሲያዞር አንቺ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገሽ መታ መታ አድርጊው። አትደብድቢው፣ ቀስቅሺው ነው የምልሽ። ደግሞ በየደቂቃው እየወጣሽ ማዞርሽን አቁሚ፤ ደህናውን ባትሪ ትገይዋለሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አንድ ነገር። እኔ ካስረከብኩሽ ወዲህ ኮፈኗን የከፈተ ማን ነው? ማን ምን ነካ? አንዲት ቡሎን ብትሆን ንገሪኝ።

ስለ አማቼ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። በር መቀባት መልካም ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት በቀለም ከተሸፈነ ዝገት ጋር ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀለም ቀቢ ደስ አይለኝም፣ ይኼን አዲስ አታድርጊው።

አባትሽ

መጋቢት 13

አባዬ፣ መብራቱ አልደበዘዘም። ቁልፉን ሳዞር አጥሩ ላይ እንዳለ ቦግ ብሎ ቆየ። ድምፅዋን በደንብ አዳምጬ ጻፍኩልህ፦ «ቀጭ»። ከእሱ በኋላ «ምምም» የሚል ነገር አለ፣ አፏን ይዛ የምታጉረመርም ይመስላል፣ ከዚያ ዝም። የመዶሻው እጀታ አንድ ቀን ሠራ፣ በማግሥቱ አልሠራም።

አንተን መጠበቅ ስላልቻልኩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ አመጣሁ። አትቆጣ። ሞተሪኖውን ፈቶ መሬት ላይ ከባትሪ ጋር ቢያገናኘው እንደ እብድ ዞረ፣ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። ደስ ብሎን መልሶ አሰረው። ቀጭ። ሰውዬው ራሱን አክኮ ሌላ ሞተሪኖ ፈልጉ ብሎን ሄደ። የሚዞረውን ሞተሪኖ ለምን እንደምቀይር ግን አልገባኝም፣ ለእሱም የገባው አልመሰለኝም።

ሌላም ነገር አለ። አምስት ስድስት ጊዜ ካዞርኩ በኋላ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው እኮ። እጄን ውሃ ውስጥ ልከት ብሮጥ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ኮፈን ውስጥ ስጎረጉርበት የዋልኩት እጅ ንጹሕ ነው፤ የሚታይብኝ የተቃጠለችው ጣቴ ብቻ ናት።

ማን ነካት ላልከው፣ ማን ይነካታል? ማንም አልነካትም።

እህቴ ክብደት ጨምራለች፣ እግሯ ግን አብጧል። ሰላምታህን ነገርኳት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፣ ግን አልተቆጣችም። ሠርጓ ላይ ያለመምጣትህን ነገር አሁንም አልዋጠችውም። ባሏ ቀለም ቀቢ ስለሆነ ንቀኸው የቀረህ ይመስላታል፤ አንተም ከዚያ የተለየ ነገር ነግረኸን አታውቅም። አሮጊቷ የምትቆመው በመኝታ ክፍሏ መስኮት ሥር ነውና እያንዳንዷን ቀጭ ትሰማለች። ትናንት ስገባ «ዛሬስ በስንተኛው ተነሳች?» አለችኝ። በመጀመሪያው ብዬ ዋሸኋት። ሁሉንም ቀጭ ሰምታ ሳለ።

ስልክ አንሳ፣ አባዬ። እንዲህ በአውቶቡስ መንገድ ስጠብቅ ላብድ ነው።

ልጅህ

መጋቢት 16

ችኩሌ፣ ዋሽተሽኛል።

ሃያ ስምንት ዓመት የተነዳች መኪና ሞተር ውስጥ ገብቶ እጁ ንጹሕ የወጣ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። የእኔ እጅ አርባ ዓመት ታጥቦ አልጠራም። ያ ሞተር ታጥቧል፤ ታጥቦ ብቻ አልቀረም፣ የሆነ ነገር ለብሷል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሲጨነቅ የሚቀባ፣ የተረፈ ቀለም ያለው ሰው እንዳለ የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ማንን ልታድኚ ብለሽ ነው የደበቅሽኝ? እህትሽ የተኛችው በዚህች መኪና ተስፋ አይደለም እንዴ?

ስሚኝ። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሪኖውም ደህና ነው። ኃይል ከባትሪው ወጥቶ፣ ሞተሪኖውን አዙሮ፣ በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለስበት ድልድይ በአንዲት ቡሎን ሞተሩ ላይ የታሰረ ወፍራም ጥቁር ገመድ ነው። ያ ዝገት ደባቂ አማቼ ቡሎኗን ፈትቶ፣ ከሥሯ አሳምሮ ቀብቶ፣ በቀለሙ ላይ መልሶ አስሯታል። ቀለም ኃይል አያሳልፍም። መንገድ የተዘጋበት ኃይል በጎረቤት ግቢ ሾልኮ በቀጭኗ ሽቦ ሄደ፤ ጣትሽን የለበለበሽ እሱ ነው። መሬት ላይ ሲሞከር የዞረው ሞተሪኖ መኪናዋ ላይ የሚያኮርፈውም ለዚህ ነው።

ይኼን አድርጊ። ከኋላዋ ያስቀመጥኩልሽን ባትሪ ማበደሪያ የጃምፐር ገመድ አውጪና አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ ነጌቲቩ፣ የመቀነስ ምልክቱ ጋ አሲዢ። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያልተቀባ ብረት ፈልገሽ እዚያ አስነክሺው። ያልተቀባ ካጣሽ፣ እንደማውቀው ታጫለሽ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፋቂ። ከዚያ አዙሪ። ከተነሳች ነገሩ እሱ ነው፤ በኋላ ተረጋግታችሁ ቡሎኗን ፍቱና ሥሯን ፋቁ።

ለዚያ ሰው ዝገት ይፋቃል እንጂ አይቀባም ብለሽ ንገሪልኝ። ብሩሹን ይዞ ከሰው ሞተር ይራቅ።

አባትሽ

መጋቢት 21

ችኩሌ፣ አውቶቡሱ ዛሬም ባዶ እጁን መጣ። ሹፌሩ ደብዳቤዋን በእጇ ሰጥቻታለሁ ብሎ ይምላል፤ በችኮላ ተቀብላኝ ሮጠች አለኝ።

ስለ ባሏ በጻፍኩት ተቀይማችሁ ከሆነ ተቀየሙ፣ ግን ጻፉ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ቡሎን ሁሉ በቁመቱ ለየሁ፣ ከዚያ ደባለቅሁና እንደገና ለየሁ። አጎትሽ ቤት ሂድልኝ ብሎ ለመነኝ።

እህትሽ እንዴት ናት? እሱን ብቻ ጻፊልኝ። መኪናዋ ገደል ትግባ።

አባትሽ

መጋቢት 23

አባዬ፣ እህቴ አለች። ትናንት ለአጎቴ ብነግረውም አንተ እጅህ ላይ ይዘህ እንድታነበው ደግሜ ጻፍኩት። አለች። ሴት ልጅ ወልዳለች፣ እሷም አለች።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ አልነበረም። የምነግርህ ክፉ ይሁን ደግ ሳላውቅ እጄ ሊጽፍልኝ አልቻለም።

ያን ቀን ደብዳቤህን ከሹፌሩ ተቀብዬ ሳልከፍታት የሮጥኩት ብሩሼ ደውሎልኝ ነው። ስደርስ እህቴን ታቅፎ ከቤት እየወጣ ነበር። ፎጣው ቀይ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ከኋላ አስተኛናት፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ቀጭ። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል አሉን። እህቴ ከኋላ ሆና «አዙሪ እንጂ» ትለኛለች፣ እኔ አዞራለሁ፣ ቀጭ። እጄ ላይ ያለው ያንተ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ኮፈኑን ከፍቼ የደብዳቤህን ፖስታ ቀደድኩ። በዓይኔ ብሮጥበት ፊደሉ ተምታታብኝ። ብሩሼ ጮክ ብለሽ አንብቢው አለኝ። አነበብኩለት፣ አባዬ። የቱ እንደሚጠቅም መርጬ የምዘልበት ፋታ አልነበረኝም፤ ሁሉንም አነበብኩ። ዝገት ደባቂ የሚለውንም ሰማ። ቆሞ ነው የሰማው። «ያልተቀባ ብረት» የሚለው ላይ ስደርስ ከሱሪው ኪስ የቀለም መፋቂያ ስፓቱላውን አወጣ። ያልተቀባ ብረት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች የሕፃኗን ክፍል አረንጓዴ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ ፋቀ፣ ገመዱን አስነከሰ፣ እኔ አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች። ገመዱን እንደነከሰ ትተን፣ ኮፈኑን በልብስ ማስጫ ሲባጎ አስረን ሄድን።

ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለችና አልጨረሰችውም። ከዚያ በኋላ እህቴ ዓይኗን ገልጣ እስክታውቀን ድረስ ያለውን ቀን መልሼ ላስበው አልፈልግም። ብሩሼ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፍሩ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም እንዳለ፣ ደብዳቤዋን ስጪኝ አለኝ። ልነፍገው ፈልጌ ነበር። ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች ለራሱ አነበበና አጥፎ መለሰልኝ። «አባትሽ ሳያየኝ ነው ያወቀኝ» አለ። ትንሽ ቆይቼ ብፈልገው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቡሎኗን ፈትቶ ሥሯን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ አገኘሁት። ብረቱ ከነጣ ቆይቷል፤ እሱ ግን እያለቀሰ ይፈገፍግ ነበር።

የደበቅኩህ ለእሱ ብዬ ነው። ሞተሩን የቀባው ንጹሕ መኪና እህቴን ይዛት ትምጣ ብሎ ነው። ካወቅክ እስከ ዕድሜ ልክህ ትንቀዋለህ ብዬ ፈራሁ። የእህቴን ነፍስ ልሸጥበት እንደነበር ኮሪደሩ ላይ ነው የገባኝ።

አሁን ደግሞ ያንተን ልጠይቅህ። ትናንት ሕፃኗ ስታለቅስ ስልኩን አስጠጋሁላት። አጎቴ ጆሮህ ላይ ያዘልህ፣ አንተም «እሺ፣ እሺ» አልከኝ። ለሚያለቅስ ሕፃን እሺ ይባላል እንዴ? አጎቴ ስልኩን መልሶ ሲወስድ ድምፁ ተለውጧል። «ምንም አልሰማም እኮ፣ ልጄ፤ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ምንም አይሰማም» አለኝ።

ለካ ድምፅዋን ጻፊልኝ ያልከኝ ለዚህ ነው። ለምን አልነገርከንም?

ልጅህ

መጋቢት 26

ችኩሌ፣ ደብዳቤሽን አጎትሽ ፊት ማንበብ ስላልቻልኩ ከሱቁ ጀርባ፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እንኳን ማርያም ማረቻት በይልኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጨርሶ ጥሎኝ ሄደ። አርባ ዓመት ሞተር ላይ ደፍቼው ኖርኩ፣ ምን ይፈረድበታል። ሹፌሩ የሚለኝን እንኳ አጎትሽ ነው በወረቀት የሚጽፍልኝ። ሠርጉ ላይ ያልመጣሁት ለዚህ ነበር። ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ሲያወራኝ ያልሰማሁትን እየሰማሁ መስዬ፣ ፈገግ እያልኩ መቀመጥ አስጠላኝ። መካኒክ ደነቆረ ከሚባል ኮርቶ ቀረ ቢባል ይሻለኛል አልኩ። ስለ ባሏ የመሰላችሁን ነገር ሳላርም የተውኩትም ያው መደበቂያ ሆኖኝ ነው።

ለእሱ ይኼን ንገሪው። ሲጨነቅ ይቀባል ያልሽውን አሰብኩበት። እኔ ስጨነቅ ቡሎን እለያለሁ። ቤቱንም፣ በርሜሉንም፣ ከፈለገ አንቺንም ይቀባ። ከቡሎን ሥር ብቻ አይቀባ። ያችን የፋቃትን ቦታ ጥቂት ግራሶ ይቀባት፣ ዝገት እንዳይዛት። ይኼኛው ቀለም ይፈቀድለታል።

እመጣለሁ፣ ቅዳሜ። እስከዚያ የልጅቷን ለቅሶ ጻፊልኝ። እንደ አሮጊቷ በደንብ አዳምጠሽ፣ ሳትቸኩይ። በመጀመሪያው ትነሳለች ወይስ ቆይታ? ትቆራረጣለች ወይስ ትዘልቃለች? ሳላውቀው እንዳልመጣ።

አባትሽ

መጋቢት 28

አባዬ፣ አዳመጥኳት። እህቴ አቅፋት፣ ብሩሼ በሩን ዘግቶ ማንም እንዳይጮህ እየጠበቀ፣ እኔ እስክሪብቶ ይዤ። ሦስታችንም አልተስማማንም፤ እሱ በ«እ» ነው የምትጀምረው ይላል፣ እህቴ በ«ኧ»። የእናቷን አምነን ጻፍን፦

ኧኧ። ኧኧንንዋዋዋዋ። ኧንዋ።

በመጀመሪያው ነው የምትነሳው። አትቆራረጥም። ማቆሚያው ላይ ነው ችግሯ፣ ጡት ካልገባላት አትጠፋም።

ስለ ሠርጉ የጻፍከውን ለእህቴ አነበብኩላት። የልጅቷን ጨርቅ አስተካከለች። ከዚያ «እየሳቀ ቢቀመጥልኝ እኮ ይበቃኝ ነበር በይው» አለችኝ። ቀጥላም፣ ሲመጣ እጁን የልጅቷ ደረት ላይ ያድርግ፣ ስታለቅስ ደረቷ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ አሮጊቷን ኮፈኗ ላይ እጁን አሳርፎ ያውቃት የለ፣ ብላ ጻፊ አለችኝ።

ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ ብሩሼ ከአሮጊቷ ጋር ይጠብቅሃል። ስሙን ቢነግርህ አትሰማውም፣ እሱም እንዴት ሰላም እንደሚልህ ከአሁኑ ጨንቆት አጥሩን ደግሞ መቀባት ጀምሯል። ጃኬቱ እጅጌ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ፣ በእሱ ትለየዋለህ።

ልጅህ